የአገር ታሪክ በሰው ፊት፦ የቁም ሥዕል ኤግዚቢሽን እንዴት ይታያል?

የቁም ሥዕል ኤግዚቢሽን ሲባል ብዙ ሰው ገና ሳይገባ ይደክመዋል። አይፈረድበትም። ግድግዳው ሙሉ ፊት ነው። ሁሉም ኮስተር ብሎ ያያችኋል። ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቁ ሰዎች በወርቃማ ፍሬም ተደርድረዋል፤ አንድ ሰዓት ዞራችሁ ስትወጡ «ምን አያችሁ?» ብትባሉ «ሰዎች» ከማለት ውጪ መልስ አይኖራችሁም።

ግን የአንድን አገር ታሪክ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ብዙ የለም። በተለይ አሁን አሁን ሙዚየሞቹ ንጉሥና ጄኔራል ብቻ መስቀሉን እየተዉ ነው። በባርነት የኖረው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ፣ ለመብቷ የታገለችው ሴት ከነገሥታቱ ጎን እየተሰቀሉ ነው። እንዲህ ያለውን ኤግዚቢሽን ዝም ብሎ መዞር ግን ያባክነዋል። ትንሽ ዘዴ ይፈልጋል።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትገቡ ይህን ያዙ። ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ «ይሄ ማነው?» ከማለታችሁ በፊት «ማን አሣለው? ለማን ብሎ?» በሉ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከመሄዳችሁ በፊት

ብዙ ዝግጅት አያስፈልግም። ድረ ገጹን ከፍታችሁ የምታዩት ቋሚ ስብስብ ነው ወይስ ጊዜያዊ ኤግዚቢሽን የሚለውን ለዩ። ለንደን ያለው ብሔራዊ የቁም ሥዕል ጋለሪ ለምሳሌ ቋሚው ስብስብ በነጻ ነው የሚታየው፤ ለጊዜያዊዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ትኬት ይቆረጣል። ምቹ ጫማ አድርጉ። ተርባችሁ አትሂዱ፤ የራበው ሰው ከሦስተኛው ሥዕል በኋላ የሚፈልገው ካፌውን ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ግን አትዝለሉ። አንደኛ፣ ስለዚያ አገር ሦስት አራት ቁልፍ ዓመቶችን በጭንቅላታችሁ ያዙ። ባርነት መቼ ቀረ? ሴቶች መቼ መምረጥ ጀመሩ? ፎቶግራፍ መቼ መጣ? (ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ1839 ነው።) እነዚህን ከያዛችሁ ሥዕሉ ሥር የተጻፈው ዓመት ብቻውን ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ወደ ኋላ ላይ ማድለን የምትባል ሴት ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው የሙዚየሙ የራሱ ታሪክ ነው። ይሄን የሚያነብ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም፤ ግማሹ መልስ ግን እዚያ ነው ያለው። የለንደኑ ጋለሪ በ1856 ሲቋቋም መስፈርቱ የሥዕሉ ውበት አልነበረም፣ የተሣለው ሰው ዝና ነው። መጀመሪያ ያስገቡት የሼክስፒር ነው የሚባለውን ሥዕል ነው። ከሞተ 10 ዓመት ያልሞላው ሰው አይሰቀልም የሚል ደንብም ነበራቸው፣ ከንጉሣውያኑ በስተቀር፤ ይህ ደንብ እስከ 1969 ዘልቋል። እንግዲህ አስቡት፦ መስፈርቱ ዝና ከሆነ፣ ለዝና የሚያበቃው በር ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ዝግ ከነበረ፣ ግድግዳው ላይ የሚቀረው ማን ነው?

በአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ የቁም ሥዕል ጋለሪ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። በ1962 በሕግ ተቋቋመ፣ በ1968 ለሕዝብ ተከፈተ፣ እስከ 1976 ድረስ ግን ፎቶግራፍ መሰብሰብ አይፈቀድለትም ነበር። ሥዕል፣ ሐውልትና ሕትመት ብቻ። የቢሮ ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዘይት ቀለም ለመሣል ወይ ገንዘብ ወይ ሥልጣን ያስፈልግ ነበር። ፎቶ ግን ረከሰ። ነጻ የወጣው ሰውም፣ ፋብሪካ የሚሠራውም፣ ተራ ወታደሩም ስቱዲዮ ገብቶ ሊነሣ ቻለ። ፎቶን ከበር የመለሰ ሙዚየም ሳያስበው እነዚህን ሁሉ ሰዎች ከበር መለሰ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዙር፦ ምንም አታንብቡ

ስትገቡ እጃችሁ ወደ መግለጫ ጽሑፉ እንዳይሮጥ። አዳራሾቹን በሙሉ በፍጥነት አንድ ጊዜ ዙሩ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በዚህ ዙር የምትፈልጉት የአቀማመጡን ነገር ነው። ትልቁ ሥዕል የማን ነው? በዓይናችሁ ትክክል የተሰቀለውስ? ጥግ ላይ፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለበት ጋ ያለው ማነው? ዘይት ቀለሙ ለማን፣ እርሳሱ ለማን፣ ፎቶው ለማን ደረሰ?

በተለይ ሁለት ሰው ያለበት ሥዕል ስታዩ ቆም በሉ። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የመኳንንት ሥዕል ውስጥ ጥቁር ሕፃን ማስገባት ፋሽን ነበር። ለንደን ያለውን የፖርትስማውዝ ዱቼስ (የመኳንንት ማዕረግ ነው) የሉዊዝ ደ ኬሩዋይን ሥዕል ውሰዱ፤ ፒየር ሚኛር በ1682 የሣለው ነው። ሴትዮዋ ተንደላቅቃ ተቀምጣለች። ክንዷ አንዲት ጥቁር ልጅ ትከሻ ላይ አርፏል። ልጅቷ ከባሕር የሚወጣ ቀይ ኮራልና በዛጎል የተሞላ ዕንቁ ታቀርብላታለች፣ አንገቷ ላይም ዕንቁ አለ። ዱቼሷ እኛን ታያለች። ልጅቷ ዱቼሷን ታያለች። ሠዓሊው ልጅቷን ያስገባት የሴትዮዋን ነጭነትና ሀብት ለማጉላት ነው፤ እንደ ዕንቁው፣ እንደ ኮራሉ ከባሕር ማዶ የመጣች ጌጥ አድርጎ። ስሟን ማንም አልጻፈውም።

እንዲህ ያለ ሥዕል ስታገኙ አንድ ቀላል ሥራ ሥሩ፦ ዋናውን ሰው በእጃችሁ ሸፍናችሁ ትንሹን ብቻ እዩ። (ከራቅ ብላችሁ ነው፣ እጃችሁን ወደ ሥዕሉ አታስጠጉ፤ ጠባቂው ይጮህባችኋል።) የሚገርም ነው፤ ሥዕሉ ሌላ ሥዕል ይሆናል።

ከዚያ አምስት ስድስት ብቻ ምረጡ

ሁሉንም አያለሁ ያለ አንዱንም አያይም። ከመጀመሪያው ዙር ዓይናችሁን የሳቧቸውን አምስት ወይ ስድስት ሥዕሎች ምረጡና ተመለሱ። ዝነኛ መሆን የለባቸውም። ያናደዳችሁም ይሁን፣ ያሳቃችሁም ይሁን።

እያንዳንዱ ሥዕል ፊት እስኪሰለቻችሁ ቁሙ። ሲሰለቻችሁ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ፤ ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ያኔ ነው። ፊቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ፊት ዓይን ይስባል፣ ከዚያ በኋላ ሌላው አይታይም። በእጅ ጀምሩ። እጁ ምን ይዟል? ሰይፍ? መጽሐፍ? የሹራብ ክር? ከዚያ ልብሱ፣ ከዚያ ጀርባው፣ ከዚያ እግሩ ሥር ያለው።

በጆርጅ ዋሽንግተን እንለማመድ። ጊልበርት ስቱዋርት በ1796 የሣለው ትልቁ ሥዕል ነው፣ ላንስዳውን የሚባለው፤ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ተኩል ይጠጋል። ሰውዬው ጄኔራል ነበር፣ ግን የወታደር ልብስ አልለበሰም። ጥቁር የሲቪል ልብስ ነው። ሰይፉ አለ፣ ሰገባው ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ ብዕርና ወረቀት፣ ጠረጴዛው ሥር የአሜሪካ ሕገ መንግሥትና ሕጎች የሚል መጽሐፍ። ከጀርባ ደመናው እየተገፈፈ ቀስተ ደመና ወጥቷል። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ጦርነቱ አለፈ፣ አሁን የሕግ ዘመን ነው። አቋቋሙ ግን ከአውሮፓ የነገሥታት ሥዕል የተቀዳ ነው! ንጉሥ አንፈልግም ብሎ የተዋጋ አገር መሪውን እንደ ንጉሥ አቁሞ አሣለ። ከንፈሩም ድርቅ ያለ ነው፤ ሠዓሊው እንደተናገረው ሰውዬው ያኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቶ ነበር።

አሁን ጥያቄያችንን እናምጣ። ማን አሣለው? ዊሊያም ቢንግሃም የሚባል የፊላደልፊያ ባለጠጋ ነው። ለማን? ለእንግሊዛዊው የላንስዳውን ማርኪስ ስጦታ እንዲሆን። እንግሊዝ! ትናንት የተዋጓት አገር። ማርኪሱ በጦርነቱ መጨረሻ ከአሜሪካ ጋር ሰላም እንዲወርድ ከገፉት አንዱ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ ለአሜሪካውያን ብቻ የተነገረ አይደለም፤ «እኛም እንደናንተ የከበርን ነን» የሚል ወደ ውጭ የተላከ መልእክት ነው። በ2001 ዋሽንግተን ከተማ ባለው ጋለሪ እንዲቀር 20 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበታል።

የጀርባውን ነገር አትናቁ። እዚያው ሙዚየም በ2018 የተሰቀለው የባራክ ኦባማ ሥዕል ጀርባው ቅጠልና አበባ ብቻ ነው፤ ሠዓሊው ኬሂንዴ ዋይሊ ነው። በጨረፍታ ስታዩት ማስዋቢያ ይመስላል። ጠጋ ስትሉ የቺካጎ አበባ የሆነው ክራይሳንተመም አለ፣ ለተወለደባት ሃዋይ ጃስሚን አለ፣ ለአባቱ አገር ለኬንያ ደግሞ የአፍሪካ ሰማያዊ አበባ አለ። የሰውዬው የሕይወት ታሪክ ቅጠሉ መሃል ተበትኗል። የሚሼልን የሣለችው ኤሚ ሼራልድ ደግሞ ቆዳዋን በግራጫ ነው የሠራችው፤ ብዙ ሰው ሲያየው ግር ይለዋል፣ ግን የሠዓሊዋ የሁልጊዜ አሣሣል ነው።

ፊቱንም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትመኑት። ንግሥት ኤልሳቤጥ አንደኛ በ1592 አካባቢ በተሣለችበት ሥዕል የእንግሊዝን ካርታ ረግጣ ቆማለች። ያኔ ስድሳ ሊሞላት ምንም አልቀራትም። በዘመኗ መጨረሻ የተሣሉላትን ብዙዎቹን ሥዕሎች ብታዩ ግን መጨማደድ የሚባል ነገር የላትም። የዛሬው የስልክ ፊልተር አዲስ ነገር አይደለም።

ልጓሙ በማን እጅ ነው?

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ነገሥታቱ የራሳቸውን ሥዕል ራሳቸው ያዛሉ። ቀሪው ሰውስ? ሥዕሉ ላይ የራሱ ድምፅ ምን ያህል አለ? እንዲህ ዓይነት ኤግዚቢሽን ላይ ብዙ ሰዓት ልታጠፉበት የሚገባው ጥያቄ ይሄ ነው ባይ ነኝ።

አዩባ ሱሌይማን ዲያሎ የሚባል ሰው አለ። ከምዕራብ አፍሪካ፣ ዛሬ ሴኔጋል ከሚባለው አካባቢ፣ የእስልምና ሊቃውንት ቤተሰብ ነው። ተይዞ ለሜሪላንድ የትምባሆ እርሻ ተሸጠ፤ በ1733 ለንደን ደረሰ። እዚያ ዕውቀቱ አስደነቃቸውና ገንዘብ አዋጥተው ነጻ አወጡት። ሠዓሊው ዊሊያም ሆር ሊሥለው ሲሆን መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ፤ ሥዕሉ እንዳይመለክ ፈርቶ። ኋላ እሺ አለ። ግን የአገሬን ልብስ ለብሼ ነው የምሣለው አለ። ሠዓሊው ያላየሁትን ልብስ እንዴት እሥላለሁ አለው። ዲያሎ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «ታዲያ ማንም ያላየውን አምላክን የሚሥሉት ሠዓሊዎች እንዴት ነው የሚሥሉት?» በዘመኑ ስለ እርሱ የተጻፈው ታሪክ ይህን ይዟል።

አሁን ሥዕሉን እዩት። ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ልብስ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ቀይ የቁርአን መጽሐፍ። ያዘዘው እንግሊዛዊ ነው፣ የሣለው እንግሊዛዊ ነው፣ ያሸነፈው ግን ተሣዩ ነው። ሌላውንም ደግሞ ሳላወራ አላልፍም፤ ዲያሎ ራሱ የተያዘው ሁለት ሰዎችን ሊሸጥ ሄዶ ሲመለስ ነው። ጥሩ ኤግዚቢሽን ይሄንንም ይጽፋል። የሚያምረውን ብቻ ለቅሞ የሚነግራችሁ ከሆነ ተጠራጠሩት።

ከእርሱ ጋር የስፔናዊውን ሠዓሊ የዲዬጎ ቬላስኬዝን «ሁዋን ደ ፓሬሃ» የሚባለውን ሥዕል አወዳድሩ። 1650፣ ሮም ነው የተሣለው፤ ዛሬ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። ሰውዬው ቀና ብሎ፣ ክንዱን ወደ ሆዱ አጥፎ በኩራት ያያችኋል። ባለ ማዕረግ ትሉታላችሁ። ግን የሠዓሊው ባሪያ ነበር! በዚያው ዓመት የነጻነት ወረቀቱ ተፈረመ፣ ተግባራዊ የሚሆነው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያ ኩራት የማን ነው? የፓሬሃ? ወይስ ቬላስኬዝ ችሎታውን ለሮም ሰዎች ለማሳየት የሠራው? ቆማችሁ ተከራከሩበት። ለክርክሩ የሚረዳ አንድ ነገር ልስጣችሁ፦ ፓሬሃ በኋላ ራሱ ሠዓሊ ሆነ፤ በ1661 በሣለው ትልቅ ሥዕል ጥግ ላይም ራሱን ሥሎ አስገብቷል። ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ነው ያለው። ሁለቱን ፊቶች በስልካችሁ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ልጓሙን ራሳቸው የጨበጡ ሰዎች መጡ። ፍሬድሪክ ዳግላስ ከባርነት አምልጦ የአሜሪካ ትልቁ ተናጋሪ የሆነው ሰው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደሱ ብዙ ፎቶ የተነሣ አሜሪካዊ የለም ይባላል፤ ወደ 160 የሚጠጉ የተለያዩ ፎቶዎቹ ይታወቃሉ፣ ከሊንከን ይበልጣል። ለታይታ እንዳይመስላችሁ። ነጭ ሠዓሊዎች ጥቁርን ሰው ሲሥሉ መልኩን ያጋንናሉ ብሎ ያምን ነበር፤ ካሜራው ግን ያለውን ነው የሚያሳየው አለ። ፎቶዎቹን እዩ፦ ጥሩ ሱፍ፣ ኮስተር ያለ ፊት፣ ፈገግታ የለም። ባሪያ በባርነቱ ደስተኛ ነው የሚለውን የዘመኑን ካርቱን ሆን ብሎ ነው ለነዚያ ሠዓሊዎች የከለከላቸው።

አሜሪካዊቷ ሶጆርነር ትሩዝ ደግሞ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ግን ትንንሽ የፎቶ ካርዶቿን እያሳተመች ትሸጥ ነበር፤ በ1864 የባለቤትነት መብቱንም በራሷ ስም አስመዘገበች። ካርዱ ላይ ሹራብ ስትሠራ ወይም ክሩን ይዛ ተቀምጣ ታያላችሁ፣ ከሥሩ ደግሞ ራሷን ለማኖር ጥላዋን እንደምትሸጥ ተጽፏል። ጥላ ያለችው ፎቶውን ነው። በአንድ ወቅት ሰውነቷን ሌሎች ይሸጡት የነበረች ሴት ናት። መዳፍ የምታክል ካርድ ስለሆነች ከትልልቆቹ ዘይት ቀለሞች መሃል በቀላሉ ትታለፋለች። አትለፏት።

ተቃራኒውንም እዩ። ኤድዋርድ ከርቲስ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን በሺዎች በሚቆጠሩ ፎቶዎች ያነሣ ሰው ነው። በ1910 ከታተሙት አንዱ ላይ ፒጋን ከሚባለው ነባር ሕዝብ ሁለት ሰዎች ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። በዋናው ኔጋቲቭ ላይ መሃላቸው የጠረጴዛ ሰዓት ነበር። ከርቲስ አጠፋው! ሊያሳይ የፈለገው «እየጠፋ ያለ ጥንታዊ ሕዝብ» ነበርና ሰዓት ያለው ሰው አልተመቸውም። ሰዎቹ ግን ከእርሱ ጋር በአንድ ዘመን የሚኖሩ፣ ሰዓት የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ «ባህላዊ» የሚመስል የድሮ ፎቶ ባያችሁ ቁጥር ምን ወጥቶ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ።

መግለጫ ጽሑፉን እንዴት ታነቡታላችሁ?

አሁን ማንበብ ይቻላል። ግን እንደ ዳኛ አንብቡት። ስም አለ? የተሣለበት ዓመትስ? ስሙ የተገኘው በኋላ ነው ወይስ ከመጀመሪያው? ከታች በትንሹ የተጻፈው «የእገሌ ስጦታ» የሚለውም አይዘለል፤ ሥዕሉ በማን ሳሎን እንደቆየ የሚነግራችሁ እርሱ ነው።

ማድለንን ቃል ገብቼ ነበር። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ የተቀመጠች ጥቁር ሴት ሥዕል አለ። ማሪ ጊይሚን ቤንዋ በ1800 ያሳየችው ነው። ለረጅም ዘመን ርእሱ «የጥቁር ሴት ሥዕል» ዓይነት ነበር፤ ስም የለም። አጥኚዎች ስሟን አገኙት፦ ማድለን፣ ከፈረንሳይ የካሪቢያን ደሴት ከጓድሉፕ የመጣች፣ በሠዓሊዋ ባል ወንድም ቤት ታገለግል የነበረች። በ2019 የፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ በስሟ ተሰቀለች። አሁን ዓመቶቹን አስታውሱ። ፈረንሳይ በግዛቶቿ ባርነትን በ1794 አስቀረች፣ በ1802 ናፖሊዮን መለሰው። ሥዕሉ በመሃል ነው። ነጩ ጨርቅ፣ ቀዩ መቀነት፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰማያዊ ሻል አንድ ላይ የፈረንሳይ ባንዲራ ናቸው። ግን ጡቷ ተገልጦ ነው የተሣለችው፤ ፈቃዷን የጠየቃት ይኖር ይሆን? ሁለቱም ሐሳብ እዚያው ሥዕል ላይ አለ፣ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን መጣል የለባችሁም።

መግለጫው ራሱ ከሥዕሉ የበለጠ የሚያስገርምበት ጊዜም አለ። ጆቫና ጋርዞኒ የምትባል ጣሊያናዊት ሠዓሊ በ1635 ጸጋ ክርስቶስ የሚባል፣ የኢትዮጵያ ልዑል ነኝ እያለ አውሮፓን ይዞር የነበረ ወጣት ሥላለች። ሥዕሉ ከጣት አይረዝምም። ልጁ የአውሮፓ ልብስና የዳንቴል ኮሌታ ለብሷል። ጀርባው ላይ ግን ስሟን በእኛው ፊደልም ጽፋዋለች! ልዑል መሆኑን ያኔም የተጠራጠሩት ነበሩ። ፊደሉን ማን አሳያት? እርሱ ካልሆነ ማን ይሆናል ነው የምለው፤ ግምቴ ነው። እንግዲህ የሥዕል ጀርባ የማይታይ ከሆነ መግለጫውን ካላነበባችሁ እንዲህ ያለው ነገር ያመልጣችኋል ማለት ነው። ሥዕሉ ኦሃዮ ኦበርሊን የሚገኘው የአለን ሙዚየም ንብረት ነው።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ

ከተቻለ የአንድን ሰው ሁለት ምስል ፈልጉ። ከሁሉም ፍንትው አድርጎ የሚያሳየው ይሄ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሰባት ዓመቱ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው በ1868 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በወቅቱ ዝነኛ ከነበሩት ፎቶ አንሺዎች አንዷ ሆና አይል ኦፍ ዋይት ደሴት ላይ አነሣችው፤ የአገሩን ልብስና ጌጥ አድርጎ። በኋላ በተነሣቸው ፎቶዎች ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ተማሪ ነው፣ በሱፍ። አባቱንም እናቱንም አጥቷል። በ18 ዓመቱ በ1879 ሞተ።

በየትኛውም ፎቶ ላይ ልብሱን የመረጠው እርሱ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። መጀመሪያ «የተማረከው ልዑል» እንዲመስል፣ ቀጥሎ «እንግሊዝ ያሳደገችው ልጅ» እንዲመስል ተደርጓል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጉ የምታዩት የእንግሊዝን ታሪክ ነው፤ ልጁ ምን እንደተሰማው ለማወቅ ዓይኖቹን ብቻ ነው ማየት የምትችሉት፣ እሱም ግምት ነው።

ስለ ልጆችና ስለ ስልክ በአጭሩ

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ስለ ታሪክ አታስተምሩት። «እንደ ሥዕሉ ሰውዬ ቁም» በሉት። እናንተም ሞክሩት፣ ሰው ቢያይ ምን አገባው። ክንዱን እንደ ዋሽንግተን ዘርግቶ አንድ ደቂቃ የቆመ ሰው ሥዕሉ ትወና መሆኑን በጡንቻው ያውቃል። ልጅን ከ45 ደቂቃ በላይ አታቆዩት።

ፎቶ ማንሣት ከተፈቀደ ያለ ፍላሽ አንሡ። ሥዕሉን ካነሣችሁ ወዲያው መግለጫውን አንሡ፤ አለበለዚያ ማታ ቤት ስትደርሱ ስልካችሁ ላይ ሃያ ስም የለሽ ሰዎች ይጠብቋችኋል። ሠዓሊዋ ሴት ስትሆን፣ ወይም ተሣዩ ስም ሳይኖረው ሲቀር ምልክት አድርጉ።

ከመውጣታችሁ በፊት

የሌለውን ፈልጉ። አዳራሹን ስትጨርሱ ዞር በሉና ይህን አገር ከገነቡት ማን ቀረ ብላችሁ ጠይቁ። የለንደኑ ጋለሪ በ2023 ከእድሳት በኋላ ሲከፈት አዲስ የነሐስ በሮች ተገጥመውለታል። ሠዓሊዋ ትሬሲ ኤሚን 45 የሴት ፊቶችን ሠርታባቸዋለች። አንዷም ዝነኛ ተብላ አልተሰየመችም። የድሮው መግቢያ ላይ ያሉት ሦስቱ የወንዶች ሐውልቶች ግን ባለስም ናቸው፣ ከመሥራቾቹ መሃል ናቸው። እኔ በሮቹን እወዳቸዋለሁ፤ ስም የሌላትን ሴት እንደገና ስም ሳይሰጡ ማለፍ ነው የሚል ቢኖር ደግሞ አልቀየመውም። ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ቆማችሁ ተነጋገሩበት።

ርካሽ የሆኑትን ዓይነቶችም ፈልጉ። ጥቁር ወረቀት በመቀስ ተቆርጦ የሚሠራ የጎን ገጽታ ምስል ካለ እዩት። ፊላደልፊያ ውስጥ ሞዜስ ዊሊያምስ የሚባል፣ በሠዓሊው ቻርልስ ዊልሰን ፒል ቤት በባርነት ያደገ ሰው ነጻ ከወጣ በኋላም በዚያው በፒል ሙዚየም የጎብኚዎችን ፊት በሺዎች እየቆረጠ ይተዳደር ነበር። ዘይት ቀለም የማይደርስበት ሰው ፊት በእርሱ እጅ ነው የተረፈው።

በመጨረሻ የሙዚየሙ ሱቅ ግቡ። መግዛት ግዴታ አይደለም። የፖስት ካርዱን መደርደሪያ ብቻ እዩ፦ ከሰቀሏቸው ሰዎች ውስጥ ካርድ የታተመለት ማን ነው? ብዙ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ያስገቧቸው አዳዲስ ፊቶች መደርደሪያው ላይ የሉም። የወደዳችሁት ሰው ካርድ ከሌለው የአስተያየት መዝገቡ ላይ በስሙ ጻፉላቸው፤ መግለጫው ላይ ያለውን የሥዕሉን ቁጥር ጨምራችሁ።